በነፍስ ወከፍ

በየካቲት ገባን፤ በረዶው ከመስኮት እኩል ቆሞ ነበር።
ላ ሾ ደ ፎን፤ ጎዳናው ሁሉ ቀጥ ያለ፣ እንደ ደብተር መስመር።
ከፖርቱጋል ያመጣነው ሦስት ሻንጣና የኢቮን ሳል፤
ሳል በኬላ አይፈተሽም፤ ቀረጥ ሳይከፈልበት ያልፋል።
አባቴ አዴሪቶ ሥራው የሰዓት ቀፎ መወልወል፤
የእናቴ የዙልሚራ ደግሞ፣ ሲመሽ፣ የባንክ ቤት ወለል።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት ግቢ እንደ ጠጠር ለቅሜ፣
የቤቱ ሁሉ አፍ ሆንኩ፣ በየቢሮው መስኮት ቆሜ።

ደብዳቤው በግንቦት መጣ፤ እናቴ ድንች ስትልጥ፣ ኢቮ ሲያስል።
«ቁጭ ብለሽ አንብቢው» አለኝ አባቴ፤ ቁጭ ብል ቁጥሩ ዝቅ የሚል ይመስል።
የጤና መድን ግዴታ ነው ይላል፤ ከገባችሁበት ቀን ይቆጠራል።
ያልታመምንበት የካቲት፣ ያልታመምንበት መጋቢት፣ እሱም ይከፈላል።
«ስንት ነው?» አለች እናቴ። «በነፍስ ወከፍ» ብዬ አነበብኩ።
ነፍስ ቆጠርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ኢቮ፤ አራተኛ ራሴን ጨመርኩ።
እናቴ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ ምንም አልተናገረችም፤
አምስተኛዋ ነፍስ ገና ስም የላት፣ ዋጋ ግን አላጣችም።

ከዚያ ሠንጠረዡ።
ለማስረዳት የከበደኝ እሱ ነው።
«አባዬ፣ ስትታመም እስከዚህ መስመር ድረስ ካንተ ኪስ ይቆረጣል፤
መስመሩ ከፍ ካለ ወርሃዊው ይወርዳል፣ ዝቅ ካለ ሽቅብ ይወጣል።»
«ታዲያ የሚጠይቁኝ» አለ፣ «ምን ያህል ልታመም እንዳሰብኩ ነዋ!»
ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ ቆመ ድንቹ ላይ ቢላዋ።
ለእሷና ለእኛ ዝቅተኛውን፣ ለራሱ የመጨረሻውን ከፍታ አስመረጠኝ፤
«እኔ ድንጋይ ነኝ፤ ድንጋይ አይታመምም፤ ጻፊ» ብሎ አዘዘኝ።
ጻፍኩ።
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በትንሿ ሳጥን ውስጥ አንድ ምልክት።
ሰው በገዛ ገላው ላይ ቁማር ሲጫወት
ያየሁት ያን ማታ ነው፤ ካርታውን ያደልኩት እኔ ነኝ።

በመስከረም ኢልዳ ተወለደች፤
የመድን ካርዷ ከመጀመሪያ ፈገግታዋ ቀድሞ በፖስታ ደረሰ።

በኅዳር፣ እኩለ ሌሊት፣ መታጠቢያ ቤት አጎንብሶ አገኘሁት፤
ጎኑን በሁለት እጁ ይዟል። «አባዬ» አልኩት።
«ዝም በይ። አዲስ ዓመታቸው ስንት ቀን ቀረው?» ቆጠርኩለት።
አርባ ሁለት። ዓመቱ ሲለወጥ መስመሩን ዝቅ ሊያደርግ አስቦ፣
እንደዚያ ከረመ፤ ጩኸቱን በፎጣ አፍኖ፣ ትንፋሹን በጥርሱ ስቦ።
ጠዋት ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሥራ ይገባል፤ የሌሎችን ሰዓት ያበራል።
በዘጠነኛው ቀን ደረጃው ላይ ወደቀ።

ሐኪሟ ፎቶውን ወደ ብርሃን አነሳች፤ በጣቷ አመለከተች፤
«ንገሪው» አለችኝ፤ «ጠጠር ናት፤ ምስር ታክላለች፤ ግን መንገድ ዘግታለች።»
ነገርኩት። ጠጠር የሚለውን ቃል
ከዚያው ግቢ ነበር የለቀምኩት።
አባቴ በጀርባው ተኝቶ፣ መርፌው ተሰክቶ በክንዱ፣
«ብያችሁ አልነበር፣ ድንጋይ ነኝ!» ብሎ ሳቀ፤
ምኑም አልገባቸው፣ ነርሶቹ እየሳቁ ሄዱ።
እኔ ግን ሳቁን አልተረጎምኩም።

ሒሳቡ በታኅሣሥ መጣ፤ ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ የእኛ።
በየወሩ ቆራርሰን ከፈልን። እናቴ ሌላ ወለል ያዘች፤
ኢልዳ ከባልዲው አጠገብ፣ በጋሪዋ ተኝታ፣ መጥረጊያ ሲሄድ ሲመጣ እያየች።
ጠጠሯን በክብሪት ቀፎ አስቀመጣት፣ ከመድን ወረቀቶቹ ጋር፣ ባንድ መሳቢያ፤
«ከዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ ውዷ ይቺ ናት» ይላል፣ እንግዳ ሲመጣ።

ዛሬም በየመጸው ደብዳቤው ይመጣል፤ ቁጥሩ ከአምናው ይበልጣል።
የራሴን ሳጥን የምሞላ ሰው ሆኛለሁ።
መካከለኛውን እመርጣለሁ። እስክሪብቶውን ከማንሳቴ በፊት ግን
ማንም ሳያየኝ፣ ጎኔን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤
ቤት ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር እንዳላወቀ እንግዳ።